ምን ልጀምር? የአኒሜ ምርጫ በጊዜ፣ በትዕግሥትና በዳታ

የአክስቴ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሶ ውጤት እየጠበቀ ሳለ በቴሌግራም «አንድ አሪፍ አኒሜ ጠቁመኝ» ብሎ ላከብኝ፤ የጃፓን ካርቱን ማለቱ ነው። እኔም አንድ ሲለኝ አሥራ አንድ ሰጠሁት። በአራተኛው ቀን ስጠይቀው ሦስቱን ጀምሮ ሦስቱንም ትቷል። የመጀመሪያውን «ነገሩ አይንቀሳቀስም» አለው። ሁለተኛው ሲዝኑ አልቆ ቀጣዩ ገና አልወጣም። ሦስተኛው ሰባት መቶ ምናምን ክፍል ሆኖ ሲያገኘው የቀለድኩበት መሰለው።

ጥፋቱ የኔ ነበር። የምወደውን ዘረዘርኩለት እንጂ በቀን ስንት ሰዓት እንዳለው፣ ሳምንት ጠብቆ ማየት ይሆንለት እንደሆነ፣ በዋይፋይ ይሁን በዳታ እንደሚያይ አልጠየቅሁትም። አሁን ማንም «ምን ልይ?» ሲለኝ «ፍቅር ነው ድብድብ የምትወደው?» ከማለቴ በፊት እነዚህን ነው የማስቀድመው። ከታች ያለውም በዚሁ ቅደም ተከተል የተጻፈ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እየተላለፈ ያለውን ወይስ ያለቀውን?

ጃፓን ውስጥ አዲስ አኒሜ በዓመት አራት ጊዜ ይገባል፤ በጃንዋሪ፣ በኤፕሪል፣ በጁላይና በኦክቶበር መጀመሪያ። በኛ ቀን ስንቆጥረው አንዱ የገና ሰሞን፣ አንዱ ብዙ ጊዜ ሁዳዴ ውስጥ፣ አንዱ ክረምቱ ሲገባ፣ አንዱ ደግሞ መስቀል ካለፈ በሳምንቱ ገደማ ማለት ነው። አንዱ ዙር አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ጃፓኖቹ «ኩር» ይሉታል። ስለዚህ አንድ ተከታታይ «12 ክፍል» ወይም «24 ክፍል» ከተባለ አንድ ኩር ወይም ሁለት ኩር ነው።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር ልንገራችሁ። ጃፓን ከአዲስ አበባ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች። የኛ የሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በስድስት ሰዓት ይለያል። ሁለቱ ተደምረው አንድ ሙሉ የሰዓት ዙር ስለሚሞሉ የጃፓኑ ቁጥር እኛ ጋ ያው ሆኖ ይመጣል። እዚያ ከምሽቱ 11 ሰዓት የሚተላለፈው እዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ ጸሐይዋ ገና ሳትጠልቅ። የጃፓን ፕሮግራም ሳይ ቀንና ሌሊቱን ብቻ አስተካክላለሁ፤ ቁጥሩን አልነካም።

በየሳምንቱ መከታተል ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ፤ ፍሪረን። በሴፕቴምበር 2023 መጨረሻ የመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች በአንድ ምሽት ተላለፉ፤ ከዚያ እስከ ማርች 2024 ድረስ በየዓርቡ በምሽቱ 11 ሰዓት እየቀጠለ በ28 ክፍል ተጠናቀቀ። የሚጀምረው ሌላው አኒሜ በሚያልቅበት ቦታ ነው። ጀግኖቹ የአጋንንቱን ንጉሥ ገድለው፣ አሥር ዓመት ተጉዘው፣ ወደ ከተማቸው ሲመለሱ እናገኛቸዋለን። አራቱም ተቀምጠው በሃምሳ ዓመት አንዴ የሚመጣውን የተወርዋሪ ኮከቦች ዝናብ ያያሉ። ፍሪረን ለሺህ ዓመታት የምትኖር ናትና ሃምሳ ዓመት ለሷ ምንም አይደለም፤ «በሚቀጥለው የተሻለ የሚታይበት ቦታ አሳያችኋለሁ» ብላ ቀጠሮ ይዛ ትሄዳለች። ስትመለስ ያ ወጣቱ ጀግና ሂሜል አጭር፣ ራሱ የተመለጠ ሽማግሌ ሆኖ ቆይቷታል። አብረው ሄደው ኮከቦቹን ያያሉ፤ ብዙም ሳይቆይ እሱ ይሞታል። ቀብሩ ላይ የምታለቅሰው ስላላወቀችው ነው። አሥር ዓመት አብራው ሄዳ አላወቀችውም።

ይህን ታሪክ በሁለት ቀን ጠራርጎ መጨረስ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም በአንድ ስኒ ቀላቅሎ እንደመጠጣት ነው። ቡናው ያው ነው፤ ጨዋታው ግን የለም። እኔ በየሳምንቱ አየሁት። ዓርብ ያየሁት ሰኞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ትዝ ይለኝ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ዝግ ያለ ታሪክ የሳምንቱን ክፍተት ይወደዋል። ሁለተኛው ሲዝን በጃንዋሪ 2026 ስለጀመረ የመጀመሪያውን ሳትጣደፉ፣ በሳምንት ሁለትም ሦስትም እያያችሁ ብትደርሱበት ደግ ነው።

በተቃራኒው፣ እያንዳንዱ ክፍል አፋፍ ላይ አቁሞ የሚሄድ ከሆነ መጠበቅ ቅጣት ነው። አታክ ኦን ታይታን በኤፕሪል 2013 ጀመረ፤ ሁለተኛው ሲዝን የመጣው በ2017 ነው። አራት ዓመት! በዲሴምበር 2020 «የመጨረሻው ሲዝን» ተብሎ የጀመረው ያለቀው በኖቬምበር 2023 ነው። የዚያን ጊዜ ተመልካች የነበርን ሰዎች ብዙ ሽበት አበቀልን። ዛሬ የሚጀምር ሰው ግን ሁሉም ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ በዚህ ረገድ ከኛ ይልቅ ዕድለኛ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ካለቀ በኋላ እዩት።

ሌላው የመጠበቅ አደጋ ቀጣዩ ሲዝን የሚሠራው ማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። የዋን ፓንች ማን የመጀመሪያ ሲዝን በ2015 በማድሃውስ ስቱዲዮ ተሠራ፤ ድብድቡ ዓይን ያፈዝዛል። ሁለተኛው በ2019 ሲመጣ ስቱዲዮው ጄ.ሲ. ስታፍ ሆነ። ታሪኩ ያው ነው፤ ዋናው ጀግና ሳይታማ ያው ነው፤ እንቅስቃሴው ግን ወረደ። ከሱ የባሰው ዘ ፕሮሚስድ ኔቨርላንድ ነው። በ2019 የወጡት 12 ክፍሎች፣ ልጆቹ ከሚያድጉበት ማሳደጊያ ለማምለጥ የሚያደርጉት ስሌት፣ ትንፋሽ ያሳጥራሉ። የ2021ዱ ሁለተኛ ሲዝን የማንጋውን (አኒሜው የተቀዳበትን የሥዕል መጽሐፍ) ትልልቅ ክፍሎች ዘሎ በ11 ክፍል ጨረሰው። ምክሬ አጭር ነው፦ የመጀመሪያውን እዩ፣ 12ኛው ላይ አቁሙ፣ ቀሪውን ማንጋውን አንብቡ።

እኔ ራሴ አንድ እየተላለፈ ያለ፣ አንድ ያለቀ ይዤ ነው የምሄደው። በየሳምንቱ አምስት ስድስት የሚከታተሉ ጓደኞች አሉኝ፤ ማን ምን እንዳደረገ ሲነግሩኝ የአንዱን ጭንቅላት በሌላው አንገት ላይ ይቀጥሉታል።

ግዙፎቹ፦ ዋን ፒስ፣ ናሩቶ ወይስ ሀንተር ሀንተር?

እዚህ ላይ ስሜት ትተን ሒሳብ እንሥራ። ዋን ፒስ ከኦክቶበር 20 ቀን 1999 ጀምሮ ሲተላለፍ ከ1,100 ክፍል አልፏል። መግቢያና መውጫ ዘፈኑን ቆርጠን አንዱን ክፍል 20 ደቂቃ እንበለው። 1,100 ሲባዛ በ20 ወደ 22,000 ደቂቃ፣ ማለትም 366 ሰዓት ገደማ ይሆናል። በቀን ሁለት ክፍል የሚያይ ሰው አንድ ቀን ሳያስታጉል ዓመት ከመንፈቅ ይፈጅበታል። እስከዚያ ድረስ ደግሞ አዲስ እየተጨመረ ነው።

ታዲያ ማነው ዋን ፒስን የሚጀምረው? ጓደኛ የሚፈልግ ሰው። ማለቴ፣ ከሥራ መጥቶ እራት እየበላ የሚያያቸው፣ እንደ ጎረቤት የሚለምዳቸው ሰዎች የሚፈልግ። በሩጫ ለመጨረስ የሚያስብ አይጀምረው። ትልቁ ችግሩ ፍጥነቱ ነው። በየሳምንቱ ሲተላለፍ ማንጋው ላይ እንዳይደርስበት አንዲት የማንጋ ምዕራፍ ለአንድ ሙሉ ክፍል ትለጠጣለች። አንዱ ቡጢ ይሰነዝራል፣ ካሜራው አሥር የደነገጡ ፊቶችን በየተራ ያሳያል፣ ቡጢው የሚያርፈው ከዚያ በኋላ ነው። አዘጋጆቹም ይህን የተረዱት ይመስላል፤ ከ2026 ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ መሄዱ ቀርቶ በዓመት ከ26 ያልበለጠ ክፍል እንዲሆን ወስነዋል።

ናሩቶ ተቃራኒውን መንገድ መረጠ። ማንጋው ላይ ሲደርስበት ታሪኩን ከመለጠጥ ይልቅ በማንጋው የሌለ ጭማሪ እየፈጠረ ጊዜ ገዛ፤ ፊለር የሚባለው ይህ ነው። የመጀመሪያው ናሩቶ (ከ2002 እስከ 2007) 220 ክፍል ነው፤ ከ136ኛው እስከ 219ኛው ያለው ከጥቂቶቹ በቀር ፊለር ነው። ይህን ማወቅ ብቻ ከ25 ሰዓት በላይ ያተርፋል። ሺፑደን (ከ2007 እስከ 2017) 500 ክፍል ሲሆን እዚያም የፊለር ክምር በየመሀሉ አለ። ዝለሉት፤ ምንም አይጎድልባችሁም። የአክስቴ ልጅ ሰባት መቶ ምናምን ያለው ሁለቱን ደምሮ ነው። ፊለሩን ሳልነግረው መስጠቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሀንተር ሀንተር ላይ ስንመጣ ነገሩ ቀለል ይላል። የ2011ዱ ቅጂ 148 ክፍል ነው፤ ፊለር የለውም ማለት ይቻላል፤ በ2014 ቆመ። በ1999 የተጀመረ ሌላ ቅጂም አለ፤ ጨለም ያለ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ አንዳንድ ሰው አሁንም የሚመርጠው። እኔ ለጀማሪ የ2011ዱን ነው የምሰጠው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እወቁ፤ ማንጋው በደራሲው ዮሺሂሮ ቶጋሺ ሕመም ምክንያት ደጋግሞ ስለተቋረጠ ታሪኩ ገና አላለቀም። አኒሜው የሚቆምበት ቦታ እንደ መጨረሻ ያገለግላል፤ ሁሉም ጥያቄ ግን መልስ አያገኝም።

ከሦስቱ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ፣ ትምህርት ወይም ሥራ ላለበት ሰው ሀንተር ሀንተርን። አንድ ክረምት ይበቃዋል።

አንድ ታሪክ፣ ሁለት አኒሜ

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ይህ ነው። ፉልሜታል አልኬሚስት ብላችሁ ስትፈልጉ ሁለት ይመጣላችኋል፤ በ2003 የጀመረ 51 ክፍልና በ2009 የጀመረ «ብራዘርሁድ» የተባለ 64 ክፍል። ሁለቱንም ቦንዝ የተባለው ስቱዲዮ ነው የሠራቸው። ሁለተኛው የአንደኛው ቀጣይ አይደለም፤ እንደገና ከሀ የሚጀምር ነው።

ለምን ሁለት ጊዜ? የ2003ቱ ሲሠራ የሂሮሙ አራካዋ ማንጋ ገና መንገድ ላይ ነበር፤ ስለዚህ ከመሀል ጀምሮ የራሱን መንገድ፣ የራሱን መጨረሻ ፈጠረ። ማንጋው በ2010 ሲያልቅ ብራዘርሁድ ጎን ለጎን አብሮት አለቀ።

መነሻው አንድ ነው። ሁለት ወንድማማቾች የሞተች እናታቸውን በአልኬሚ፣ አንዱን ነገር ወደ ሌላ በሚለውጥ ጥበብ፣ ሊያስነሱ ይሞክራሉ። የሚያገኙት ሁሉ እኩያውን ያስከፍላቸዋል። ትንሹ አልፎንስ ሙሉ አካሉን ያጣል፤ ትልቁ ኤድዋርድ እግሩን ያጣል፤ የወንድሙን ነፍስ ከብረት ጥሩር ጋር ለማሰር ደግሞ ክንዱን ይሰጣል።

ልዩነቱን ቀርቦ ለማየት አንድ ቦታ እንያዝ። አባቷ አልኬሚስት የሆነ፣ ትልቅ ነጭ ውሻ ያላት ትንሽ ልጅ አለች። ያየ ሰው ስለማን እንደማወራ ገብቶታል፤ ያላየ ሰው ሲደርስ ይገባዋል። የ2003ቱ ወንድማማቾቹን እዚያ ቤት ያሰነብታቸዋል፤ ከልጅቷ ጋር በበረዶ ይጫወታሉ፣ ልደት ያከብራሉ። ብራዘርሁድ ግን ሁሉንም በአንድ ክፍል፣ በአራተኛው፣ ይጨርሰዋል። ሌላም አለ። ስሙን የማልጠራው አንድ የምንወደው ሰው በ2003ቱ 25ኛው ክፍል ላይ ይለየናል፤ በብራዘርሁድ 10ኛው ላይ። በ25 ክፍል የተላመዱትን ሰውና በ10 ክፍል የተዋወቁትን ሰው መቅበር አንድ አይደለም። ብራዘርሁድ መጀመሪያው ላይ የሚጣደፈው ተመልካቹ የ2003ቱን አይቷል ብሎ ስላሰበ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። የ2003ቱ ከመሀል ወዲያ ይደክማል፤ መጨረሻውም በ2005 በወጣ ፊልም ነው የሚቋጨው፤ እኔን አላረካኝም። ብራዘርሁድ የዘራውን ሁሉ ያጭዳል። አንድ ወታደር በመሀል ጣል ያደረጋት ቃል ከሠላሳ ክፍል በኋላ ተመልሳ ትመጣለች።

ጊዜ ያለው ሰው የ2003ቱን እስከ 25ኛው አይቶ ወደ ብራዘርሁድ ይሻገር። ተደጋገመ ብሎ የሚሰለች ሰው በቀጥታ ብራዘርሁድን ይጀምርና የመጀመሪያዎቹን አሥር ክፍሎች ጥድፊያ ይታገስ።

ዴዝ ኖት ወይስ ሞንስተር?

ሁለቱም የማድሃውስ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱም የአሳዳጅና የተሳዳጅ ታሪክ ናቸው። ሁለቱም ሰውን መግደል የሚገባው ማን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ከዚህ ውጪ የሚመሳሰሉበት የለም።

ዴዝ ኖት (37 ክፍል፣ ከ2006 እስከ 2007) ለጀማሪ የሚሰጥ ዋናው አኒሜ ነው። አኒሜ «የሕፃን ነገር» የሚል ሰው ካለ ይህን ስጡት። ላይት የተባለ ጎበዝ ተማሪ ስም የተጻፈበት ሰው የሚሞትበት ደብተር ያገኛል። ኤል የተባለው መርማሪ ደግሞ ወንበር ላይ ቁጢጥ ብሎ ኬክ እየበላ ያሳድደዋል። 8ኛው ክፍል ላይ መኝታ ክፍሉ በካሜራ ተሞልቶ ሳለ ላይት የድንች ቺፕስ እየበላ ያጠናል። ከረጢቱ ውስጥ ትንሽ ቴሌቪዥን ደብቋል፤ በቀኝ እጁ የሒሳብ ጥያቄ እየሠራ በግራው ስም ይጽፋል። ቺፕስ መብላት እንደ ጦርነት የተሣለበት ሌላ ቦታ አላውቅም። ከ25ኛው በኋላ ግን ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ይህን የማይቀበል ጓደኛ አለኝ፣ ተከራክረን አልጨረስንም።

ሞንስተር (74 ክፍል፣ ከ2004 እስከ 2005) አስማት የለበትም፣ ደብተር የለበትም። በ1986 ጀርመን፣ ዱሰልዶርፍ። ዶክተር ቴንማ ጃፓናዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነው። ቀደም ሲል አለቆቹ አዘውት አንድ ታዋቂ ዘፋኝ አስቀድሞ በማከሙ ከዚያ በፊት የመጣ ቱርካዊ ሠራተኛ ሞቷል፤ ሚስቱ ኮሪደር ላይ ይዛው «ባሌ ነበር ቀድሞ የመጣው» ትለዋለች። እንደገና ያው ፈተና ሲመጣ፣ ጭንቅላቱን በጥይት የተመታ ሕፃን በአንድ በኩል፣ ከንቲባው በሌላ በኩል ሲሆኑ ቴንማ ቀድሞ የመጣውን ሕፃን ያክማል። ከንቲባው ይሞታል፤ የሱም ሹመትና እጮኝነት አብሮ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ ያዳነው ልጅ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ያገኘዋል።

ሞንስተር ቀስ ይላል። አንዳንዱ ክፍል ዋናው ሰው ሳይታይ ያልፋል፤ የአንድ ትንሽ ከተማ ሽማግሌ ታሪክ ይሆናል። የመርማሪ ልብ ወለድ ማንበብ የሚወድ ሰው ይዋጥበታል። ድንጋጤ የሚፈልግ ሰው ሦስተኛው ላይ ይተኛል፤ እሱ ወደ ዴዝ ኖት ይሂድ።

«ሦስት ክፍል እይና ካልጣመህ ተው» የሚባለውን ሕግም እዚህ ላይ ማንሣት አለብኝ። ለአሥራ ሁለት ክፍል አኒሜ ይሠራል። ለሌላው ብዙም አላምነው። ስታይንስ ጌትን (24 ክፍል፣ 2011) አራተኛው ላይ ጥዬ ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ፤ ቁምነገሩ የሚጀምረው 12ኛው ላይ ነበር። አሁን ለሰው ስሰጥ «እስከ 12 ቃል ግባልኝ» ብዬ ነው።

ድብድብ ለማይወዱ፣ እና ለቤተሰብ

ዘ አፖቴከሪ ዳየሪስን እዩ። ማኦማኦ የመድኃኒት ቀማሚ ልጅ ናት፤ በጥንት ቻይና አምሳል በተሣለ ቤተ መንግሥት የንጉሡ ሚስቶች በሚኖሩበት ግቢ ታገለግላለች። መርዝ ስትቀምስ ፊቷ የሚበራ ሴት ሌላ ቦታ አታገኙም። እንቆቅልሹ በየአንድ ሁለት ክፍሉ ስለሚፈታ በፈለጋችሁ ሰዓት ማቆም ይቻላል። እናቴ ሳታስበው ተቀምጣ ሁለት ክፍል አየች፤ የቤተ መንግሥት ሴራ ስለሆነ ማስረዳት እንኳ አላስፈለገኝም።

ወላጆች ግን «ካርቱን ነው» ብላችሁ ልጅ ፊት ዝም ብላችሁ አትክፈቱ። አንድ ዘመዳችን አታክ ኦን ታይታንን ለስድስት ዓመት ልጅ ከፍታ ቡና ልታፈላ ገባች። የመጀመሪያው ክፍል እንዴት እንደሚያልቅ ያየ ሰው ያን ሌሊት ማን እንዳልተኛ ይገምታል። ለትንንሾች የ1988ቱ ማይ ኔበር ቶቶሮ ፊልም አለ፤ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም፤ ክፉ ሰው የሚባል የለበትም።

በግርጌ ጽሑፍ ወይስ በትርጉም ድምፅ?

እኔ በጃፓንኛው ድምፅና በግርጌ ጽሑፍ ነኝ፤ ምክንያቴም ልማድ ነው። እንጀራ እየጋገረ ለሚያይ ሰው ግን የእንግሊዝኛው ድምፅ ይሻላል፤ ካውቦይ ቢባፕን በተለይ በእንግሊዝኛ ሰምቶ የተናደደ አላገኘሁም። ለነገሩ እኛ ዲሽ ላይ ያደግን ልጆች ቋንቋ አይበግረንም። ስፔስቱን በተባለው የልጆች ጣቢያ ላይ የእግር ኳሱን አኒሜ ካፒቴን ማጂድን በዓረብኛ አንድ ቃል ሳይገባን ተከታትለነዋል፤ ኳሷ በአየር ላይ ግማሽ ክፍል ስትበር ለመጨነቅ አስተርጓሚ አያስፈልግም ነበር።

ስለ ዳታም አንድ ቃል። በ1080 ጥራት የወረደ አንድ ክፍል እስከ አንድ ጊጋባይት ሊበላ ይችላል፤ በ480 የዚያ ጥቂቱ ይበቃል። ለስልክ ስክሪን ሞንስተርን በ480 ብታዩት ምንም አያመልጣችሁም፤ አሮጌ ሥራ ነው፣ ውበቱም ፊቶቹና ዝምታው ላይ ነው። ፍሪረንን ግን ዋይፋይ እስክታገኙ ጠብቁ። ያን የኮከብ ዝናብ በደበዘዘ ምስል ማየት ነውር ነው።

የአክስቴ ልጅ ጥያቄዎቹን መልሶ ሞንስተር ላይ አረፈ። በቀን ሁለት ክፍል፣ በ480፣ በሌሊት ጥቅል። ውጤቱ የወጣ ቀን ደወለልኝ። አልፏል። እንኳን ደስ አለህ ብዬ ሳልጨርስ «41ኛው ላይ ነኝ፣ እንዳትነግረኝ!» ብሎ ዘጋው።